የሚጤሰው ተራራና እንግዶቹ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሰው ሁለት ዐይነት ረኀብ አለበት። አንዱ የሆድ ረኀብ ነው፤ ሁለተኛው የዐይን ረኀብ ነው። የሆድ ረኀብ እንጀራ ሲያገኝ ይታገሣል፤ የዐይን ረኀብ ግን ባየ ቍጥር ይብስበታል። ይህ የዐይን ረኀብ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው መርከብ የሠራው፥ ካርታ የሣለው፥ ከዋክብትን የመረመረው በእርሱ ነው። ክፉ የሚሆነው ተመልካቹ ያየውን ነገር ሁሉ የራሱ ያደረገው ሲመስለውና መርቶ ያሳየውን ሰው ሲረሳ ነው። እኔ በዚህ በደል ወድቄአለሁ። ስለዚህም የአንድን ተራራ ታሪክ ከራሴ ጥፋት ጋር አድርጌ ልጽፍላችሁ ፈቀድሁ። ዘመኑን የምጽፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። ከሁለት ቀን በፊት በኅዳር ሚካኤል ዕለት በድሬዳዋ በየሰፈሩ ቈሻሻ ተሰብስቦ ተቃጥሎ፥ ከተማው እንደ ልማዱ ሲታጠን ውሎ ነበር። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው የፈጀውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በምኖርባት በቢዮ አዋሌ፥ ከማሽላው ማሳ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ፥ አልፎ አልፎ መጽሐፍ የሚዋሱኝ አራት ወጣቶች እየሮጡ መጡ። በእጃቸው በያዙት ስልክ ላይ ታላቅ የጢስ ዐምድ አሳዩኝ። በአፋር ምድር ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈንድቶ፥ አመዱ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥቶ ነበር። ይህ ተራራ ከዚያ ቀን በፊት ስለ መፈንዳቱ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለ ነበረ አመዱ ወደ እኛ አልመጣም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ላይ ዐልፎ በማግሥቱ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያም አውሮፕላኖች በረራቸውን ሰረዙ።

ከልጆቹ አንዱ ዐይኑ እያበራ፦ «ጋሼ፥ ምነው እኛም እዚያ ሆነን ባየን!» አለ።

ይህ ቃል ልቤን ወጋው፤ ክፉ ቃል ስለ ሆነ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት እኔው ራሴ የተናገርሁት ቃል ስለ ሆነ ነው እንጂ። ለልጁ ያን ጊዜ በቂ መልስ አልሰጠሁትም። መልሱ ይህ ጽሑፍ ነው።

በመጀመሪያ ስለ አለማወቄ ልንገራችሁ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ጂኦግራፊና ታሪክ እወድ ነበር። በኢጣልያ አገር ያለውን የቬሱቪዮስን ተራራ ከነጢሱ በጠመኔ ሥዬ ማሳየት እችል ነበር። ተራራው በ79 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር ፈንድቶ ፖምፔይን በአመድ እንደ ቀበረ፥ ትልቁ ፕሊኒዮስ የተባለው ሊቅ ነገሩን ቀርቦ ለመመርመር መርከብ አስነሥቶ፥ በኋላም ሰዎችን ለማዳን ሲል በባሕሩ ዳር እንደ ሞተ በቃሌ እወጣው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከአባቴ ጋር በባቡር ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፥ መተሐራ ላይ ስንደርስ፥ ከሐዲዱ ወዲያና ወዲህ የተከመረ ጥቍር ድንጋይ አየሁ። «አባባ፥ ይህን ማን አቃጠለው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «ሽማግሌዎች እሳት ከተራራው ወረደ ይላሉ» አለኝ። እኔ ግን የተማርሁ መስሎኝ በልቤ ሣቅሁበት። እሳት የሚወርድበት ተራራ ያለው በኢጣልያ ነው ብዬ ዐስቤ ነበርና።

አባቴ እውነቱን ነበረ። ያ ተራራ ፈንታሌ ነው፤ ጥቍሩም ድንጋይ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከእርሱ ሥር ቀልጦ የወጣ ነው። በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው ሐሪስ ከአገሬው ሰዎች ይህንኑ ሰምቶ ጽፎታል። ያልተማረ ያልሁት አባቴ የተናገረውን ፈረንጁ በመጽሐፍ አትሞታል፤ እኔ ግን ከሁለቱ አንዱንም አልሰማሁም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት ለእኔ የተነገረ ይመስላል። ጥፋቱም የአስተማሪዎቼ አይደለም። እነርሱ የሚያውቁትን አስተማሩኝ፤ እኔ ራሴ አስተማሪ ከሆንሁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቼን ቬሱቪዮስን አሣልሁ እንጂ፥ ካለንበት ገደል በስተ ሰሜን ያለውን አፋርን አላሳየኋቸውም።

እንግዲህ አሁን ላሳያችሁ። ከቢዮ አዋሌ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ስትመለከቱ ድሬዳዋ ከበታች ትታያለች፤ ከእርሷም ወዲያ ሜዳው በጭጋግ ተሸፍኖ ይዘረጋል። የቆማችሁበት ተዳፋት የአንድ ታላቅ ስንጥቅ ከንፈር ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ ተሰበረ ገል በብዙ ትላልቅ ክፍሎች የተከፈለ ነው። ከእነዚህም ሦስቱ፥ የዐረብ ምድር፥ የአፍሪካ ዋና ምድርና የሶማሌ ምድር የተባሉት፥ በአፋር ላይ ተገናኝተው እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። መራራቃቸው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት የሚበልጥ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ግን የብዙ ዘመን ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ ተራራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀ፤ ከታች የቀለጠ ዐለት ወጥቶ ክፍተቱን ሞላው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ለወራት ምድር ሲንቀጠቀጥ፥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ለቆ እንደ ተሰደደ እናንተም ሰምታችኋል።

በዚህ ስንጥቅ ሰሜናዊ ክፍል ያለው የዳናክል ምድር ከባሕር ወለል በታች የወረደ ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በሆነ ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ወደዚያ ገብቶ ነበር። የባሕር ዛጎልና ኮራል በሜዳው ዳርና ዳር እስከ ዛሬ ይገኛል። ባሕሩ ከደረቀ በኋላ ጨው ቀረ፤ አያቶቻችን ሲገበያዩበት የኖሩት አሞሌ ከዚያ ተቈርጦ በግመል የወጣ ነው። ሊቃውንት በእሳቱ ተራሮች ሰንሰለት አጠገብ ውኃ ውስጥ ሳሉ የተሠሩ ኮረብታዎችን አግኝተዋል። እንግዲህ ዛሬ በአሸዋና በጨው የተከበቡት፥ በዚያ ዘመን በባሕር የተከበቡ የእሳት ደሴቶች ነበሩ ማለት ነው። እስከ ዛሬም በአፍዴራ ሐይቅ ውስጥ፥ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች።

ባሕሩ ባልደረቀበት በቀይ ባሕር ውስጥ ይህ ነገር በዐይናችን ፊት ይፈጸማል። ጀበል ጣይር የተባለችው ደሴት በመስከረም 2000 ዓ.ም. ፈንድታ በላይዋ የሠፈሩ የየመን ወታደሮች ሞቱ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ከዙበይር ደሴቶች መካከል ካርታ የማያውቃት አዲስ ደሴት ከባሕር ውስጥ ጢስ እየተፋች ተወለደች። በባሕሩ ጠረፍ ያለው የዱቢ ተራራም በ1853 ዓ.ም. ፈንድቶ ከመቶ በላይ ሰዎች እንደ ሞቱ ተጽፏል። የእኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ይሰማዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ተራሮች ስሙ የገነነው ኤርታ አሌ ነው። በአፋርኛ «የሚጤሰው ተራራ» ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል 613 ሜትር ብቻ ነው። ከፍ ያለ ሾጣጣ ተራራ የሚጠብቅ ሰው ሲያየው ይገረማል፤ በሜዳ ላይ የተደፋ ሰፊ ምጣድ ይመስላልና። በዐናቱ ላይ ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ 0.7 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ጐድጓዳ ሜዳ አለ፤ በሜዳውም ውስጥ ጕድጓድ አለ፤ በጕድጓዱም ውስጥ የቀለጠ ዐለት እንደ ሐይቅ ተኝቶ ሲፈላ ለብዙ ዘመን ኖረ። እንዲህ ያለ የእሳት ሐይቅ በዓለም ላይ በጣት የሚቈጠር ነው። በሌሎች አገሮች ከሚታዩትም ብዙዎቹ ጥቂት ዓመት ቆይተው ይጠፋሉ። የኤርታ አሌው ግን ቢያንስ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ከፍ ዝቅ እያለ ታየ። በዚያ ዓመት ሐሩን ታዚየፍ የተባለው የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ባልደረቦቹ ጋር ገብቶ ምርምሩን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የተራራው ሥዕል በዓለም ሁሉ ታየ፤ የተመልካችም እግር ወደዚያ አቀና።

ከእነርሱ በፊት የገቡ መንገደኞችም ነበሩ። ታሪካቸው ለእኛ ትምህርት አለው። በ1868 ዓ.ም. ሙንዚንገር የተባለው ስዊስ የግብፅን ጦር አስከትሎ ወደ አውሳ ሲገባ፥ የሡልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ሰዎች ገደሉት። በ1873 ዓ.ም. ጁሊየቲ፥ በ1877 ዓ.ም. ቢያንኪ የተባሉ ኢጣልያውያን ከነጓደኞቻቸው በዳናክል ተገደሉ። በ1920 ዓ.ም. ኔስቢት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ዳናክልን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ወጣ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ቴሲጀር አዋሽን ተከትሎ ወንዙ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ ሄደ። የእነዚህ መንገደኞች መጻሕፍት አፋርን ጨካኝ ብለው ይጠሩታል። ነገር ግን ልጆቼ፥ ታሪክ ስታነቡ ሁል ጊዜ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚጽፈው ማን ነው? የገባው በማን ቤት ነው? ማን ጠራው? ያለ ጥሪ ጠመንጃ ይዞ በሰው ደጅ የገባ ሰው፥ ውሻው ነከሰኝ ብሎ ቢጽፍ፥ ከመፍረዳችን በፊት የባለቤቱንም ቃል መስማት ይገባናል። የአፋር ሰው ግን በወረቀት ላይ አልጻፈምና ቃሉ አልተሰማም።

የአፋር ሰው ባይጽፍ፥ የሚጠብቀው ሌላ መዝገብ አለው፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በበረሃ መንገድ ላይ ሲገናኙ፥ ቢቸኵሉም እንኳ፥ ቍጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በተራ ይነጋገራሉ፦ ዝናብ የት ዘነበ፥ ግጦሽ የት አለ፥ ማን ታመመ፥ ማን መጣ። በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው፤ በዚያ ምድር የተሳሳተ ወሬ ሰውንም ከብትንም ውኃ ወደሌለበት ይወስዳልና። መቀበል ብቻም የለም፤ የሰማ ሰው እርሱም ይናገራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ደረስሁ። በ2008 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፥ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት፥ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ ሾፌር ከአፍዴራ ጨው ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚመላለስ ነበርና፥ «ጋሼ፥ አንድ ቀን እንኳ ያስተማሩትን እሳት አይተው አያውቁም፤ ባዶውን ስለምሄድ አብረን እንሂድ» አለኝ። በአዋሽ፥ በገዋኔ፥ በሚሌና በሰመራ ዐልፈን አፍዴራ ደረስን። በዚያም ከውጭ አገር ከመጡ ጐብኚዎች ጋር በአንዱ ላንድ ክሩዘር ውስጥ ቦታ ተገኘልኝ። የጦር መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች አብረውን ነበሩ፤ ምክንያቱንም ማንም ያውቀዋል። በጥር 2004 ዓ.ም. በዚያው ተራራ ላይ ታጣቂዎች ሌሊት ደርሰው አምስት አውሮፓውያን ጐብኚዎችን ገድለው ሌሎችን ጠልፈው ነበርና። ከእኔ ጕዞ በኋላም በኅዳር 2010 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ በዚያ ተገድሏል።

የቀኑ ሙቀት ስለማያስኬድ፥ ከተራራው ሥር የተነሣነው ከመሸ በኋላ ነው። ፍራሽና ውኃ በግመል ተጭኖ፥ እኛ በባትሪ ብርሃን በጥቍሩ ድንጋይ ላይ አራት ሰዓት ያህል ተጓዝን። የመራን አንድ የአፋር ጐልማሳ ነበረ፤ ከሠላሳ ዓመት የሚበልጠው አይመስለኝም። ሽርጥ አሸርጦ፥ ላስቲክ ጫማ ተጫምቶ፥ ባትሪ ሳይዝ ከፊት ይሄድ ነበር። ከሩቅ ሰማዩ ቀልቶ ሲታይ ልቤ እንደ ልጅ ዘለለ። ከላይ ስንደርስ ጐልማሳው ሁላችንን ሰብስቦ በተሰባበረ አማርኛ፦ «እኔ ከረገጥኩበት ሌላ አትርገጡ። ይህ ድንጋይ ከላይ ድንጋይ ነው፤ ከታች ባዶ ነው» አለ። አንድ ተርጓሚ ለፈረንጆቹ ነገራቸው። እነርሱ ታዘዙ፤ እኔ ግን አልታዘዝሁም።

ያየሁትን ሁሉ በቃል መግለጥ አልችልም። ሐይቁ ጥቍር ቈዳ ለብሶ ይተኛል፤ ቈዳው ይሰነጠቅና ስንጥቁ እንደ መብረቅ ቀይ ሆኖ ይሮጣል፤ ወዲያው የሐይቁ ዳር ይገለበጥና እሳቱ እንደ ምንጭ ይዘላል። ድምፁ የባሕር ማዕበል ድምፅ ነው። የዲን ጢስ ጉሮሮን ይዘጋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት በጠመኔ የሣልሁት ነገር በፊቴ ሕያው ሆኖ ሲተነፍስ ባየሁ ጊዜ፥ ትዕቢት ያዘኝ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ነገር ከዚህ እረኛ የበለጠ ዐውቃለሁ ብዬ ዐሰብሁ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከመሪው እርምጃ ወደ ግራ ሦስት ጫማ ያህል ወጣሁ። በአራተኛው ድንጋዩ እንደ ዕንቍላል ቅርፊት ተሰበረ፤ ቀኝ እግሬ እስከ ጕልበቴ ገባ። ከታች የሚወጣው ትኵሳት ሱሪዬን ዐልፎ ተሰማኝ። ከመጮኼ በፊት አንድ እጅ ከብብቴ ገብቶ ወደ ኋላ ጐተተኝ። ሁለታችንም በዠርባችን ወደቅን። የእርሱ መዳፍ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ በተሳለው ድንጋይ ላይ አርፎ ተቈረጠ፤ ደሙም በእጅጌዬ ላይ ቀረ።

አልተቈጣኝም። «አባቴ፥ ዐይንህ ቀደመ፤ እግርህ ቀረ» ብቻ አለኝ። መዳፉን በሽርጡ ጫፍ አሰረና ወደ ሌሎቹ ተመለሰ።

ወጣት ሆይ፤ የሚያሳፍረኝ መውደቄ አይደለም፤ ማንም ሊወድቅ ይችላል። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። ወደ ድሬዳዋ ተመልሼ ታሪኩን ያልነገርሁት ሰው የለም። በክፍል ውስጥ ነገርሁ፤ በሠርግ ቤት ነገርሁ፤ በቡና ላይ ነገርሁ። በየነገርሁበትም ቍጥር እሳቱ ከፍ አለ፥ እኔም ደፋር ሆንሁ። በሚከተለው ዓመት፥ በጥር 2009 ዓ.ም.፥ ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተራራውም በደቡብ ምሥራቅ ጐኑ ተሰነጠቀና ብዙ የቀለጠ ዐለት ወደ ሜዳው አፈሰሰ፤ ሐይቁም ወደ ታች ወረደ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፥ «እኔ ሞልቶ ሳለ አይቼዋለሁ» ብዬ እንደ ልማዴ ስኵራራ፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ፦ «ጋሼ፥ ያን ጊዜ ጐትቶ ያወጣዎት ሰውዬ ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

ጠመኔው በእጄ ላይ ቀረ። አላወቅሁም። አልጠየቅሁትም ነበረ። የፕሊኒዮስን ስም ከሁለት ሺህ ዓመት ወዲህ ዐውቃለሁ፤ የሙንዚንገርን፥ የኔስቢትን፥ የታዚየፍን ስም ዐውቃለሁ፤ ደሙን በእጅጌዬ ላይ የተወልኝን ሰው ስም ግን አላውቅም። ያ ሰው ዳጉ ሰጠኝ፤ የት እንደምረግጥ፥ የት እንደማልረግጥ እውነቱን ነገረኝ። እኔ ግን ምንም ሳልመልስለት ሥዕሉን ብቻ ይዤ ሄድሁ። ያለ ጥሪ ከገቡት መንገደኞች በምን እሻላለሁ? እነርሱ እንኳ የመሪዎቻቸውን ስም አንዳንድ ጊዜ ጽፈዋል።

ይህ የእኔ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ኋላ ተረዳሁ። በኢጣልያ አገር ስትሮምቦሊ የምትባል ደሴት አለች። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በየጊዜው እሳት ስለምትተፋ መርከበኞች የሜዲቴራኒያን ፋኖስ ይሏታል። ብዙ ሰው ሊያያት ይወጣ ነበር፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. በድንገት በኀይል ፈንድታ አንድ መንገደኛ ሞተ። በዚያው ዓመተ ምሕረት ማግሥት፥ ኅዳር 29 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ በኒው ዚላንድ ዋካሪ በምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ 47 ጐብኚዎችና መሪዎች ሳሉ ተራራው ፈነዳ፤ 22 ሰዎች ሞቱ፥ ብዙዎቹም የተረፉት በጽኑ ተቃጠሉ። የሚያሳዝነው፥ ተራራውን የሚከታተሉ ሊቃውንት ከሦስት ሳምንት በፊት የአደጋውን ደረጃ ከፍ አድርገው ነበረ። መርከቦቹ ግን ሰው ማመላለሳቸውን አልተዉም። ዐይን ቀደመ፤ እግር ቀረ።

ሰው ለምን ወደ እሳት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ዐስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት መልካም ነው፤ የምንቆምበት ምድር እንደ ሞተ ድንጋይ ሳይሆን እየተሠራ ያለ ነገር መሆኑን በዚያ እናያለን፤ ይህንም ያየ ሰው ትንሽነቱን ያውቃል። ሁለተኛው ግን ክፉ ነው፤ ሌላው ያላየውን አየሁ ብሎ መኵራት ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይወጣሉ፤ አንዱ ለተራራው ሲሰግድ ሌላው ለራሱ ይሰግዳል። እኔ ወደ ላይ የወጣሁት በመጀመሪያው ነው፤ የወረድሁት በሁለተኛው ነው።

አሁን ኅዳር 14 ለመጡት ልጆች የሚሆነውን ነገር ልናገር። የሃይሊ ጉቢ ጢስ በስልካችን ላይ ሲታይ ግሩም ነበረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳም እንዲሁ ግሩም ሆኖ ታየን። ከጢሱ ሥር ግን ሰው ይኖራል። በኅዳሩ ፍንዳታ የሞተ ሰው ባይሰማም፥ በአፍዴራ ያሉ መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ፤ ግጦሹ ከአመድ በታች ቀረ። ፍየል አመድ አትበላም። ለእኛ ትርኢት የሆነው ለእረኛው ረኀብ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ለዚያ ሾፌር ተማሪዬ ስልክ ደውዬ፥ ከዐሥር ዓመት በፊት የመራንን ሰው ፈልግልኝ አልሁት። «ጋሼ፥ ስሙን ንገሩኝና እፈልገዋለሁ» አለኝ። ስሙን እንደማላውቀው ለእርሱም መናገር ነበረብኝ። «መዳፉ ላይ ጠባሳ ያለው ነው» አልሁት። አፋሮቹ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ፥ ከመንደር ወደ መንደር ወሰዱት፤ እኔ የናቅሁት ዳጉ እኔኑ አገለገለኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ስልኬ ጮኸ። ሾፌሩ ነበረ፤ ስልኩንም ለሌላ ሰው ሰጠው። «አባቴ፥ እግርህ ደኅና ነው?» አለኝ ድምፁ።

ምን እንደመለስሁ አላስታውስም። ከዚያ ግን እንደ ሥርዐታቸው በተራ ተነጋገርን። እርሱ ነገረኝ፦ ቤተ ሰቡ በሕይወት አለ፤ ስምንት ፍየሎች ሞተውበታል፤ የቀሩትን ወደ ምዕራብ፥ አመድ ወዳልደረሰበት ወስዷቸዋል፤ ጐብኚ አይመጣም። እኔም ነገርሁት፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ዐርፋለች፤ ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ነው። ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ስምንቱን ፍየል የሚተካ ገንዘብ ከጡረታዬ እያጠራቀምሁ በሾፌሩ እጅ በየጊዜው እልካለሁ፤ እስካሁን የሦስቱን ልኬአለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም፤ የዘገየ ዕዳ ወለዱ ብዙ ነው። ስሙን አሁን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ሳላስፈቅደው በመጽሐፍ አላትመውም፤ አንድ ጊዜ ሳልጠይቀው ከእርሱ ወስጄአለሁና።

ስለዚህ ልጆቼ፥ እነዚህን ተራሮች ማየት ብትመኙ አልከለክላችሁም። እንዲያውም ሂዱ እላችኋለሁ፤ ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን የአገራችሁን ምድር ሳታዩ አትቅሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንብቡ፤ የአባቶቻችሁንም ቃል ጠይቁ፤ መጽሐፍ ያላገኘውን ያውቃሉና። ሊቃውንት ተራራው አደገኛ ነው ሲሉ ቅሩ፤ ተራራው ነገም አለ። በደረሳችሁ ጊዜ የመሪውን እግር ተከተሉ። የዚያን አገር ሰው እንደ ሥዕሉ ማስጌጫ አትዩት፤ ከእሳቱ ፎቶግራፍ በፊት ስሙን ጠይቁ፥ ስማችሁንም ንገሩት፤ ወሬውን ስሙ፥ ወሬያችሁንም ስጡ። ስትመለሱም ያየውን ብቻ ሳይሆን ያሳየውንም ሰው ተናገሩ።

የዚያች ተማሪ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እንግዲህ እናንተም ከሩቅ መንገድ በተመለሳችሁ ቍጥር፥ ማንም ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የመራኝ ሰው ስሙ ማን ነው?